ሐምሲን ሳይደርስ

ከባሕር ጋር ያለኝ ትውውቅ የደገኛ ትውውቅ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው፤ በልጅነቴ የማውቀው ትልቅ ውሃ ክረምት በገባ ቁጥር የሚሞላው የሰፈራችን ወንዝ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ከመታየቱ በፊት ጠረኑ የሚደርስ። ኋላ ቢሾፍቱንም ሐዋሳንም አይቻለሁ። ባሕር ግን ለረጅም ዘመን በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ነበር። ፎቶግራፉ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ቆቡን ወደ ግንባሩ ዘንበል ያደረገ ጎረምሳ፣ ከበስተጀርባው የምጽዋ ወደብ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በቤታችን ጋሼ ይባላል እንጂ አንቱ አይባልም።

አጎቴ ባሕር ኃይል የገባው በ1976 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ነው። የጥበቃ ጀልባ መሪ ያዥ ነበር። የካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ አሰብ ነበር፤ ግንቦት 1983 ደግሞ ወደ የመን ከተሻገሩት መርከቦች በአንዱ ላይ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ በቤተሰባችን በቅጡ የሚተርክ ሰው የለም። የመን፣ ቀጥሎ ጅቡቲ፤ ወደብ ላይ ጭነት መቁጠር፣ ለአንድ አሣ ነጋዴ ጀልባ መንዳት፣ በመጨረሻም የራሱ የሆነች አንዲት የሞተር ጀልባ። የተረፉት የኢትዮጵያ መርከቦች በ1996 እ.ኤ.አ. እዚያው ጅቡቲ ሲሸጡ ቆሞ አይቷል ይባላል፤ እሱ ግን አየሁም አላየሁም አይልም። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ማሰቡ ሲነገር ሬዲዮኑን ዘግቶ ጀልባውን ሊያጥብ መውረዱን የነገረችኝ ሚስቱ ናት።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. በባቡር ወረድኩ። የምኖረው በወር ደመወዝ ሳይሆን በጽሑፍ ብዛት ነው፤ ስለዚህ ወደ ዘመድ ቤት ስሄድ እንኳ ማስታወሻ ደብተሬ ይቀድመኛል። ጅቡቲ ስላሉ ኢትዮጵያውያን የሆነ ነገር እንደምጽፍ ለአንድ አዘጋጅ ቃል ገብቼ ነበር። ቃል መግባት ብቻ አይደለም፤ የጉቤትን መግቢያ ከባሕሩ በኩል ፎቶግራፍ አንስቼ እንደማመጣም አክዬ ነበር። ማን አክል አለኝ?

ነገሩ እንዲገባችሁ የአገሩን አቀማመጥ ትንሽ ልንገራችሁ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በካርታ ላይ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ አፍ ይመስላል። በታችኛው ከንፈር ላይ ጅቡቲ ከተማ አለች፤ በላይኛው ታጁራ። ጉሮሮው ወደ ምዕራብ ይጠብና በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ጉቤት ወደሚባለው፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ተከበበው ውሃ ይገባል። ከጅቡቲ ተነስቶ የደቡቡን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ዶራሌን፣ ኮር አምባዶን እያለፈ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አርታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ይደርሳል። ጉቤት ከዚያም አልፎ ነው። በተቃራኒው ወደ ምሥራቅ የሚንሳፈፍ ሰው ደግሞ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ያገኛል፤ እርሱ ሲያልቅ የሕንድ ውቅያኖስን።

በዚህ ጉሮሮ ውስጥ በሐሩሩ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሐምሲን የሚሉት ነፋስ ይመጣል። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ሃምሳ ማለት ነው፤ የእኛው ሃምሳም ዘመዱ ነው። ግብፆች በጸደይ ሃምሳ ቀን ያህል እየመላለሰ የሚነፍሰውን የበረሃ ነፋስ በዚህ ስም ይጠሩታል። ጅቡቲዎች ደግሞ ከምዕራብ የሚወርደውን ደረቅና አሸዋ አዘል ነፋስ እንዲህ ይሉታል። ደረቅነቱን መሬት ላይ ቀምሼው ነበር፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ ሳይሰጣ ይደርቃል ማለት ይቻላል። ባሕር ላይ ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር።

በዋዜማው ማታ ስልኬ ላይ የአየር ትንበያ አየሁ። ነፋስ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይላል። ለአጎቴ አሳየሁት፤ መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሲያይ ቆየ። ስልኩን አያምነው እንደሆነ ስጠይቀው «አምነዋለሁ» አለኝ። «ግን ለእሱ ከዚህ እስከ ታጁራ ያለው አንድ ሜዳ ነው። ተራራና ሸለቆውን ለይቶ አያይም። ነፋሱ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያውቀው እዚህ የኖረ ነው።»

ከዚያ አንድ ነገር ወሰነ፦ «ነገ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአርታ እንነሳለን። ምሳ ተበላም አልተበላም።» ለምን አሁን እንደሚወስን አልገባኝም። የመመለሻ ሰዓት መሬት ላይ ነው የሚቆረጠው አለኝ፤ ባሕሩ ካማረልህ በኋላ የምትቆርጠው ሰዓት ሰዓት አይደለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሦስት ሆነን ወጣን፤ እሱ፣ እኔና የ12 ዓመት ልጁ። ሚጡ ነው የሚላት። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጓደኞቿ ጋር በሶማሊኛ፣ ከትምህርት ቤት ደብተሯ ጋር በፈረንሳይኛ የምትነጋገር ልጅ ናት። ጀልባዋ ሰባት ሜትር ያህል የምትረዝም ፋይበር ናት፤ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሰክቶባታል፤ ከፀሐይ የምታስጥል የሸራ ጥላ አላት። ቤንዚን በጀሪካን፣ ውሃ በጀሪካን፣ አንድ መልሕቅ፣ ረጅም ገመድ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ሦስት የመንሳፈፊያ ጃኬቶች። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ከማጥፊያው ጋር የተያያዘች ቀይ ጠምዛዛ ገመድ እጁ አንጓ ላይ አሰረ። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዷ ትነቀልና ሞተሩ ይጠፋል፤ አለበለዚያ ጀልባዋ ሰውየውን ጥላው ትሄዳለች፣ ወይም ዞራ ትመጣበታለች።

ባሕሩ እንደ ዘይት የተኛ ነበር። አጎቴ ያን ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ አየሁት። ቤት ውስጥ ትከሻው የወደቀ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ነው፤ መሪውን ሲይዝ ግን ፎቶግራፉ ላይ ያለው ጎረምሳ ይመስል ነበር። እየነዳ ያስተምረኛል። በ1805 እ.ኤ.አ. ቦፎርት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነፋስን ጉልበት ከ0 እስከ 12 ደረጃ አውጥቶለታል፤ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ውሃውን ማየት ይበቃል። ውሃው መስተዋት ከሆነ 0። ነጭ አረፋ ደጋግሞ ብቅ ብቅ ሲል 4። አረፋው ሲበዛ 5። ትልልቅ ማዕበል መነሳት ሲጀምርና ነፋሱ ሽቦ ላይ ሲያፏጭ 6፤ በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። «ለእኛ ጀልባ አራት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስድስት ቅጣት ነው» አለ። ሚጡ ቁጥሮቹን በሙሉ በቃሏ ታውቃለች፤ እሱ ሲጠይቃት እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ወረደቻቸው።

አርታ ደረስን። ሙቀቱ የሚተረክ አይደለም። ዋኘን፣ አሣ ጠበስን፣ እኔም አንድ ደብተር ሙሉ ጻፍኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እስከ ጉቤት መግቢያ እንድንዘልቅ ጠየቅኩት፤ ጊዜ የለም አለኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳና እቃ መሰብሰብ ጀመረ። ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ አየ። እኔም አየሁ። ጠዋት እንደ ቢላ ስለት ጠርቶ የነበረው የተራሮቹ ጠርዝ ደብዝዟል፤ ሰማዩ ከታች በኩል የጤፍ ገለባ መልክ ይዟል። ባሕሩ ግን ያው የተኛ ነው። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳ የለም።

«እንሂድ» አለ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ፎቶግራፉ በሐሳቤ ነበር፣ አዘጋጁ በሐሳቤ ነበር፣ የባቡር ትኬቴም ዋጋ በሐሳቤ ነበር። «ጋሼ፣ ባሕር ኃይል የነበርከው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው?» አልኩት። እየሳቅኩ ነው የተናገርኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወጊው ሆኜም አልረሳሁትም። ሚጡ አባቷን አየችው። እሱ አንዳች አልመለሰም፤ እቃውን መልሶ አስቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳና ወደ ምዕራብ፣ እኔ ወዳልኩት፣ ነዳን። መተላለፊያው ጋ ሳንደርስ ጭጋጉ ዳርቻውን ሸፈነው። ሦስት ፎቶግራፍ አነሳሁ። ሦስቱም ላይ ያለው ቡናማ አቧራ ነው። ተመልሰን እቃችንን ጭነን ከአርታ ስንነሳ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ስለ አየር ትንበያ ታሪክ ሳነብ ፊትዝሮይ የሚባል እንግሊዛዊ አገኘሁ። በ1859 እ.ኤ.አ. ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በማዕበል ተመትታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በ1861 ወደቦች ላይ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲሰቀል ያደረገ ሰው ነው። ሁሉም አላመሰገነውም። ምልክቱ ተሰቅሎ ማዕበሉ ሲቀር ጀልባቸው ወደብ ላይ የዋለባቸው ባለንብረቶች ያጉረመርሙበት ነበር። ከሞተ በኋላ ማስጠንቀቂያው ቆመ፤ ባሕር ላይ የሚወጡት ሰዎች ግን ጮኸው አስመለሱት። ይህን ሳነብ ራሴን ከየትኞቹ ወገን እንዳገኘሁት መናገር አያስፈልገኝም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የመንገዱን እኩሌታ ገደማ ሄደናል። በመጀመሪያ የመጣው ነፋሱ ሳይሆን ድርቀቱ ነው፤ አየሩ በድንገት የምድጃ አፍ ሆነ። ዞር ስል ከኋላችን ውሃው ላይ አንድ ጥቁር መስመር አየሁ፤ ከላዩ ነጭ ጥርስ አለው። አጎቴ ሳይዞር «አይተኸዋል?» አለ። ከዚያ «ጥላውን አውርዱ» አለ፤ ሸራውን ጠቅልለን ሳንጨርስ ደረሰብን።

ከነፋስ ፊት መሸሽ ቀላል ይመስላል። ከኋላ እየገፋህ ነው፤ ወደ ቤትህ ነው የሚገፋህ። እኔም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ነገር ግን ማዕበልን የሚያሳድገው የነፋሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የነፈሰበት ጊዜና የተጓዘበት የውሃ ርዝመትም ነው። ወደ ምሥራቅ በሄድን ቁጥር ከኋላችን ያለው ውሃ ይረዝማል፤ ማዕበሉም አብሮን ያድጋል። ገና አጫጭር ስለሆነም ቁልቁለቱ ገደል ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይነሳል። ጀልባዋ ከአንዱ ጫፍ ላይ ተንሸራታ ከወረደች አፍንጫዋ ከፊት ያለው ማዕበል ውስጥ ይሰካል፤ ያኔ ኋላዋ ይዞራል፣ ጎኗን ለሚቀጥለው ማዕበል ሰጥታ ትገለበጣለች። ከዘገየች ደግሞ የኋለኛው ማዕበል በሞተሩ ላይ አልፎ ይገባባታል።

አጎቴ ሁለታችንንም ወደ ኋላ ሳበን፤ አፍንጫዋ ቀለል ብሎ ቀና እንዲል። ከዚያ አንዱን ማዕበል መርጦ ጀርባው ላይ ተቀመጠ፤ ሳይቀድመው፣ ሳይቀርበት። እጁ ነዳጅ መስጫው ላይ ሳይንቀሳቀስ የቆየበት አንድ ሰኮንድ አልነበረም፤ ይሰጣል፣ ይቀንሳል፣ ይሰጣል። እኔ «ፍጠን፣ ፍጠን» የሚል ነገር በጉሮሮዬ ውስጥ ነበረኝ። የአባይን ቁልቁለት በጭነት መኪና የሚወርድ ሾፌር አይቼ አውቃለሁ፤ ያን ይመስል ነበር። ሚጡና እኔ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እንጨልፋለን። እሷ በየጭለፋው በሶማሊኛ ትቆጥራለች፤ መቶ ሲሞላ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

ሞተሩ የጠፋው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ አሳለው፣ እንደገና አሳለው፣ ዝም አለ። ከዚያ በፊት ነፋሱን ሰምቼው እንዳልነበር ያወቅኩት ሞተሩ ዝም ሲል ነው። ጀልባዋ ወዲያው ጎኗን መስጠት ጀመረች። አጎቴ አልጮኸም። ባልዲውን በገመዱ ጫፍ አስሮ ወደ ፊት በደረቱ ተሳበና ከአፍንጫዋ ወደ ባሕሩ ወረወረው። ባልዲው ውሃ ሞልቶ ሲጎተት አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ዞሮ ማዕበሉን መጋፈጥ ያዘ። መልሕቁን ለምን እንደማይጥል ጠየቅኩት፤ ገመዱ ወለሉን አይደርስም አለኝ። ወደ ኋላ መጥቶ የሞተሩን ክዳን አነሳ። ማዕበሉ የነዳጁን ዕቃ ሲንጠው ሥሩ ላይ የከረመው ቆሻሻ ተነስቶ ማጣሪያውን ደፍኖታል። ያችን ብርጭቆ መሳይ ማጣሪያ ፈትቶ፣ በጥርሱ ይዞ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ እስኪመልሳት ድረስ የፈጀበት ጊዜ በኋላ ሲነገረኝ ስድስት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ዳርቻው ሲርቀን አያለሁ። ወደ ምሥራቅ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ነግሬያችኋለሁ። ሚጡ መቁጠሯን አላቆመችም። እኔ የማስበው እናቷ ፊት እንዴት እንደምቆም ነበር፤ ከዚያ ደግሞ መቆሙን በተመኘሁት የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ሞተሩ በሦስተኛው ስቦሽ ተነሳ። አጎቴ ጅቡቲን ተዋት። ከተማዋ ባትታየንም መድረሻችን ቅርብ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ዳርቻው በሰያፍ ቆርጦ፣ ባሕሩ ውስጥ ከሾለ አንድ የድንጋይ አፍንጫ ጀርባ አስገባን። ነፋሱ በላያችን ያልፋል፣ ውሃው ግን ይወዛወዛል እንጂ አይመታም። አሸዋው ላይ ስንወርድ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝና ተቀመጥኩ። መዳፌ ተልጦ እንደነበረም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌሊቱን እዚያው አደርን። ስልኬ ረጥቦ ሞቷል፤ የእሱ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ስለነበር ለሚስቱ ደወለ፤ «ነፋሱ እስኪያልፍ ተጠግተናል» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሚጡ ሸራው ውስጥ ተጠቅልላ ተኛች። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል እየመረጥኩ ሳለሁ እሱ በጨለማው ውስጥ ተናገረ። «ከአሰብም ስንወጣ ሰው እየጠበቅን ዘግይተን ነበር» አለ። ማንን፣ ምን ያህል፣ ምንስ ሆነ፤ ሠላሳ ጥያቄ ነበረኝ፤ ሥራዬም መጠየቅ ነው። አልጠየቅኩም። እሱም አልቀጠለም።

ሊነጋጋ ሲል ነፋሱ ወደቀ። ከተማ ስንገባ ሚስቱ ዳርቻው ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች። ልጇን አቀፈች፣ እኔንም ሳመችኝ፤ ባሏን ግን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «ሻይ አለ» ብላው ወደ ቤት መለስ አለች።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ሲያጥብ ላግዘው ወረድኩ። ጀልባዋ ውስጥ ካለች ሣጥን ውስጥ ጠንካራ ልባስ ያለው አሮጌ ደብተር አየሁ። የመርከብ መዝገብ ነው፤ ባሕር ኃይል እንደተማረው እያንዳንዱን ጉዞ ይጽፍበታል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ በቦፎርት፣ ነዳጅ። ዓመታት ሙሉ አንድም ቀን አልዘለለም። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። በዚያ ባልተንቀጠቀጠ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦ የተወሰነ መነሻ 6:30። የተነሳንበት 7:40። ነፋስ ምዕራብ፣ 6። ሞተር ቆመ፣ 6 ደቂቃ። የመዘግየቱ ምክንያት፦ መሪ ያዥ።

«ጋሼ፣ ይህ ልክ አይደለም» አልኩት። «ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«መሪው በማን እጅ ነበር?»

«ቢሆንም አርመው።»

«መዝገብ አይሰረዝም» አለና እጁን ዘረጋ። «ያን ባልዲ አቀብለኝ።»